«ፋይል ከመደርደር በቀር የሠራሁት የለም»

ውድ እህቴ፣

የ8 ሳምንት የተግባር ልምምድሽን ከጨረስሽ ገና 10 ቀንሽ መሆኑን፣ ፋይል ከመደርደርና ደረሰኝ ከመመዝገብ በቀር የሠራሽው ስለሌለ ሲቪሽ ላይ የምትጽፊው እንዳጣሽ፣ አባትሽም «እስኪቀጥሩሽ ድረስ በነጻ አገልግዪ» እንደሚሉሽ ጽፈሽልኛል።

«የሠራሁት የለም» የሚለው ቃልሽ የቆየ ነገር አስታወሰኝ። እኔም ልምምዴን ያሳለፍኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ስባል «የተለያዩ የቢሮ ሥራዎችን» ከማለት ሌላ ትዝ ያለኝ ስላልነበረ ጠያቂዎቹ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፉ። ስለዚህ ሳይደበዝዝብሽ ዛሬውኑ ተቀምጠሽ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማን ምን እንዳዘዘሽ፣ በምን ሶፍትዌር እንደሠራሽው፣ ምን ያህል እንደነበር፣ የት ተሳስተሽ እንዴት እንዳረምሽው በዝርዝር ጻፊ። «ደረሰኝ መዝግቤያለሁ» ማለት ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም፤ «የገቢ ደረሰኞችን በኤክሴል መዝግቤ ከባንክ መግለጫ ጋር እያመሳከርኩ የማይገጥሙትን ለሒሳብ ክፍል አሳውቅ ነበር» የሚለው ግን፣ በእርግጥ አድርገሽው ከሆነ፣ ሥራው እንደገባሽ ያሳየዋል። ቁጥሩን በትክክል ካላስታወስሽ «በግምት» በዪ፤ የተጋነነ ቁጥር ከሁለት ጥያቄ አያልፍም። ለማሳያ ብለሽ ደግሞ የድርጅቱን ሰነድ ቅጂ እንዳትይዢ፤ ናሙና ካስፈለገሽ በፈጠራ ቁጥሮች የራስሽን ሠንጠረዥ አዘጋጂ።

ለቅርብ ኃላፊሽ በዚህ ሳምንት የምስጋና ደብዳቤ ላኪና ቀጣሪዎች ስለ አንቺ እንዲጠይቋቸው ስማቸውን ለመጥቀስ ፈቃዳቸውን ጠይቂ።

በአባትሽ ሐሳብ ግን አልስማማም። ልምምድ የጊዜ ገደብና የሚከታተል መምህር ያለው ትምህርት ነው፤ ያ ካበቃ በኋላ ያለ ውልና ያለ ደመወዝ መመላለስ የድርጅቱን ወጪ ከቤተሰብሽ ኪስ መሸፈን ነውና የአንድ ወር የትራንስፖርትና የምሳ ወጪሽን ደምረሽ ለአባትሽ አሳያቸው። በነጻ የሚያገለግለውን ሰው ለመቅጠር የሚቸኩል መሥሪያ ቤት ብዙም አላየሁም። (እኔ ራሴ በዚህ ተስፋ 5 ወር ስላባከንኩ ፍርዴ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል።) ክፍት የሥራ ቦታ ካለ በይፋ አመልክቺ፤ ከሌለም ማስታወቂያ የሚያወጡበትን ጊዜ ጠይቀሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

የትምህርት ክፍል ልቀይር ወይ ያልሽው በ8 ሳምንት ልምምድ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ዝርዝሩን ስትጨርሺ ሳይታክትሽ የመሸው የትኛው ቀን እንደነበር ለይተሽ እንደገና ጻፊልኝ።