ዕጢው ብቻ ወይስ ኩላሊቱ በሙሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ62 ዓመቱ አባቴ ለሆድ ሕመም አልትራሳውንድ ሲታዩ በግራ ኩላሊታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። በሲቲ ስካን ስፋቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ ሌላ አካል አልተሠራጨም ተባልን። ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ ይቻላል ቢልም፣ አባቴ «ነቀርሳ ከነሥሩ ካልተነቀለ ያቆጠቁጣል፤ ኩላሊቱን በሙሉ ያውጡልኝ» ብለዋል። ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የአባትዎ ሥጋት የዋዛ አይደለም፤ ቀዶ ሐኪሞችም ለአሥርት ዓመታት እንዲሁ ያምኑ ነበር። ነገር ግን የኩላሊት ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ሥር እየሰደደ ሳይሆን ጤነኛውን ሥጋ እየገፋ ስለሚያድግ፣ ዙሪያውን እንደ ሎሚ ልጣጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ሐኪሙ ዕጢውን የሚያወጣው ከዚህ ሽፋን ውጪ ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ነው። ከ4 ሳንቲ ሜትር ለማይበልጥ ዕጢ በካንሰሩ የመሞት ዕድል በሁለቱም ዘዴ በጣም አነስተኛ ነው።

በአውሮፓ 541 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው የተካሄደውና በ2011 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣው ጥናት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችንን አስገርሟል፤ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ኩላሊታቸው በሙሉ ከወጣላቸው 81.1 በመቶ፣ ከተረፈላቸው ደግሞ 75.7 በመቶ ነበሩ። ከሞቱት 117 ሰዎች በኩላሊት ካንሰር የሞቱት ግን 12 ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ኩላሊቱ ከተረፈ ዕድሜ ይረዝማል» ብዬ አልዋሽዎትም። የኩላሊት ሥራ ግን በግልጽ ተለያይቷል፤ ኩላሊታቸው ደም የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች የወረደው ኩላሊታቸው ከወጣላቸው 85.7 በመቶ፣ ከተረፈላቸው 64.7 በመቶ ነበሩ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ሁለተኛው ኩላሊታቸው ጤነኛ የነበረ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ስኳርና ግፊት የአባትዎን ቀሪ ኩላሊት ቀስ በቀስ ስለሚጎዱት፣ እኔ ብሆን ማትረፉን እመርጣለሁ።

ዋጋውም አለ። ሐኪሙ የኩላሊቱን የደም ሥር ቆንጥጦ ሲይዝ ሰዓት መቆጠር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ከ25 ደቂቃ በፊት ቆርጦ መስፋት ይጠበቅበታል። በዚያው ጥናት ኩላሊታቸው ከተረፈላቸው 3.1 በመቶው ከባድ ደም ፈስሷቸዋል፤ 4.4 በመቶው ደግሞ ከተቆረጠው ኩላሊት ሽንት ወደ ውስጥ ፈስሷቸዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ክሬአቲኒንን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና በሽንት ያለውን ፕሮቲን ያስመርምሩ። ዕጢው ከዋናው የደም ሥር አጠገብ ከሆነ ሐኪሙ እዚያው በቀዶ ክፍሉ ሐሳቡን ለውጦ ኩላሊቱን በሙሉ ሊያወጣ ስለሚችል፣ አባትዎ የፈቃድ ወረቀቱን ሲፈርሙ ይህንንም አውቀው ይፈርሙ።