የ6 ወር ሪፖርትና የገና ነጠላ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ለእናቴና ለሁለት እህቶቼ ለገና ነጠላ ራሴ ቋጭቼ ልሰጣቸው ነበር፤ የ6 ወር ሪፖርቱ ግን እዚያው ላይ ወደቀብኝ። እንዴት ላድርሰው?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ግማሽ የሚዘጋው ታኅሣሥ 30 ነው፤ ስለዚህ መቋጨቱን እስከ ታኅሣሥ 15 ይጨርሱ። መጀመሪያ 10 ዘርፍ (በነጠላው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን የተቋጨ ክር) ቋጭተው ሰዓት ይያዙ፣ ለ10 አካፍለው በቀረው የዘርፍ ብዛት ያባዙ። ካልበቃ የእናትዎን ያስቀድሙ፤ የእህቶችዎ ለጥምቀት ይደርሳል።

8 ክር ለሁለት ከፍለው ሁለቱንም ወደ ቀኝ አጥብቀው ያክርሩ፤ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ግራ ጠምዝዘው ጫፉን ይቋጥሩ። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ካከረሩት መልሶ ይፈታል። ክሩን ቆጥረው ይያዙ፤ በግምት የተያዘ ዘርፍ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆናል። ደግሞ እስክሪብቶ የነካው እጅ ነጭ ክር ያበላሻልና አደራ፣ ታጥበው ይጀምሩ።