የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብስክሌተኛ በድሬዳዋ አስፋልት ላይ ምን መብት አለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ነው። ባለፈው ወር አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ከመሐል መንገድ በድንገት ወደ ዳር ታጠፈበትና ከነብስክሌቱ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አሽከርካሪው ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ «በሽምግልና እንጨርሰው» ይለናል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «አስፋልቱ የመኪና ነው፤ ልጁ ምን ሊሠራ ገባ?» እያሉ ጥፋቱን በእርሱ ላይ አሳርፈዋል። ብስክሌተኛ በእርግጥ መብት የለውም? እኛ ወላጆችስ ምን ማድረግ እንችላለን?
አንዲት እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎት። «አስፋልቱ የመኪና ነው» የሚለው አባባል በሕግም ሆነ በከተማችን ታሪክ መሠረት የለውም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የከዚራ ቀጥ ያሉ ባለ ዛፍ ጎዳናዎችና የመሬቷ ሜዳማነት ብስክሌትን ለረጅም ዘመን የሠራተኛውና የተማሪው መጓጓዣ አድርገውት ኖረዋል። ልጅዎ የገባው የሰው መንገድ ውስጥ አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው የሚጎዳው በካሣው ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው፣ ያለፈቃድ የነዳ እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱ ከኃላፊነት አያመልጥም። ከዚህም በላይ ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ብሎ በማስረዳት ብቻ ነጻ አይወጣም። ኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል የሚቀርለት ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ መሆኑን ቁጥር 2086 ያስረዳል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ እንደሚሉት ልጅዎ ንጹሕ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ጥፋተኛ ተብሎ የሚቆጠርበት ምክንያት የለም።

ሽምግልና የምናከብረው ባህላችን ነው፤ ነገር ግን የሕክምናው መጨረሻ ሳይታወቅ በተጎጂው ስም የዕርቅ ወረቀት መፈረምን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተሰበረ ክንድ ዛሬ በጄሶ ታስሮ ቀላል ቢመስልም፣ ከወራት በኋላ አልዘረጋ ወይም አልታጠፍ ሊል ይችላል፤ በአግባቡ የተደረገ የዕርቅ ስምምነት ደግሞ በቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ክሱን ለማቅረብ በቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ስለሆነ የሚያጣድፍዎ ነገር የለም። እስከዚያው አደጋው በትራፊክ ፖሊስ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ የሕክምና ማስረጃውንና የመድኃኒት ደረሰኞቹን ያስቀምጡ፤ የባጃጁን ሰሌዳ ቁጥርና ያዩ ሰዎችን ስም ይጻፉ፤ የተጎዳውንም ብስክሌት ሳያስጠግኑ ፎቶ ያንሡት። ባጃጁ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ስለሚገባ የመድን ድርጅቱ ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ይኸው አዋጅ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለሚጎዱ ሰዎች የመድን ፈንድ ማቋቋሙን ሌሎች አንባቢዎችም ቢያውቁት መልካም ነው።

ወላጆች ልታደርጉ ስለምትችሉት ነገር ደግሞ፣ በቅድሚያ ልጆቹን «ጥግ ያዙ» ማለት ብቻውን እንደማያድን እንድትረዱ እፈልጋለሁ። አንድ ተሳፋሪ እጁን ሲያነሣ የባጃጁ ነጂ ዐይን ያለው በተሳፋሪው ላይ ነው፤ የአስፋልቱን ጠርዝ ታክኮ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚመጣውን ልጅ አያየውም፤ ልጁም በአንድ በኩል ባጃጅ፣ በሌላ በኩል የውኃ መውረጃ ቦይ ስለሚሆንበት የሚሸሽበት አያገኝም። ከጠርዙና ከቆሙ መኪናዎች አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳይዋልል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብስክሌተኛ ግን ከሩቅ ይታያል፤ በሩን ድንገት የሚከፍት ሰውም አያገኘውም። በግራ በኩል፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ መንዳት ግን በጥብቅ መከልከል አለበት።

ቀሪውን ብቻውን የሚነዳ ልጅ አይወጣውም። ልጆቻችሁ የሚመላለሱበትን መንገድ አንድ ቀን ጠዋት አብራችሁ ሂዱበትና ባጃጆች ሰው የሚጭኑበትን፣ ቦዩ የተከፈተበትን፣ ከዝናብ በኋላ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ አስፋልቱ ላይ የሚቀርበትን ቦታ በሰዓቱና በስፍራው ለይታችሁ ጻፉ። ደረቅ አሸዋ ላይ ፍሬን የያዘ ብስክሌት መንሸራተቱ አይቀርምና ይህ እንደ ቀላል ነገር መታለፍ የለበትም። ጽሑፉን ለቀበሌያችሁና ለትራፊክ ፖሊስ በደብዳቤ አቅርቡ፤ የባጃጅ ማኅበራቱን ደግሞ ፊት ለፊት አግኝታችሁ፣ በትምህርት ቤቶች አቅራቢያ ተሳፋሪ የሚጫንበት ቋሚ ቦታ እንዲወሰን ጠይቁ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ ትኩረት ስለሚሰጥ በደብዳቤያችሁ ጥቀሱት፤ የምትጠይቁት መንግሥት ራሱ ያቀደውን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ለገሃሬ አካባቢ ባጃጅ የምነዳ ነኝ። ሁሌ የምንወቀሰው እኛ ነን፤ ማታ ማታ ግን ብስክሌተኞቹ ያለ መብራት ድንገት ከፊቴ ይመጣሉ። የእነርሱ ግዴታስ?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ከላይ በጠቀስኩት ቁጥር 2086 መሠረትም ያለ መብራት በጨለማ የነዳ ብስክሌተኛ ጥፋቱ ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ካሣው ሊቀነስበት ይችላል። ከፊት ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ መብራትና አንጸባራቂ የሌለው ብስክሌት ከመሸ በኋላ ባይወጣ ይሻላል። ከእርስዎ በኩል ግን ፍጥነት ዋናው ነገር ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ባለችው አንዲት ሰከንድ ውስጥ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ግን ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። ብስክሌት ሲቀድሙ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቁ፤ መንገዱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ እስኪሰፋ ድረስ ከኋላው ይከተሉ። ተሳፋሪ ሊጭኑ ወደ ዳር ከመያዝዎ በፊት የቀኝ መስታወቱን ይመልከቱ፤ ተሳፋሪውንም ከባጃጁ የሚወርደው የኋላውን አይቶ እንዲሆን ይንገሩት።