ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ 3,000 ዶላር ክፈል ተባለ፣ እዳው የማነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከአራት ኪሎ ነው። ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ሄዶ ሜሪላንድ አክስታችን ጋር ነው የሚኖረው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፋፍሳ (የመንግስት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ሞልቶ ለአንድ ሴሚስተር 3,000 ዶላር ፔል ግራንት (እንደ ብድር የማይከፈል እርዳታ)፣ 3,000 ዶላር ደሞ ሎን (ብድር) ተሰጠው። መሀል ላይ ታመመና ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ ወጣ፣ አሁን 3,000 ዶላር ክፈል የሚል ቢል መጣበት። መንግስት የሰጠኝን ግራንት መልስ እያለኝ ነው፣ ካልከፈልኩ ግሪን ካርዴን ይነጥቁኛል እያለ እንቅልፍ አጥቷል። እማዬ እቁቧን ለምና ቀድማ አውጥታ ልትልክለት ነው። ሎኑስ? እሱም ሌላ 3,000 አለበት ማለት ነው? ቢሉን በቴሌግራም የላከልኝን አያይዤዋለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ እናትሽን እቁቡን አትንኪው በያት፣ ቢያንስ ይሄን አንብበሽ እስክትጨርሺ። ግሪን ካርዱንም ተዉት፣ ለዩኒቨርሲቲ ያልተከፈለ እዳ ግሪን ካርድ አያስነጥቅም።

ቢሉን አየነው። ላኪው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ መንግስት አይደለም። ከላይ ትዩሽንና ፊ (የትምህርት ክፍያ) 5,000 ይላል፣ ቀጥሎ ፔል 3,000 ገባ፣ ሎን 3,000 ገባ፣ የተረፈው 1,000 ለተማሪው ተሰጠ ይላል (ይሄን ወንድምሽ ለትራንስፖርትና ለመጽሐፍ አውጥቶት ይሆናል)፣ ከስር ደሞ ሎን 3,000 ተመለሰ የምትል አንዲት መስመር አለች። ነገሩ በሙሉ ያለው እዚች መስመር ላይ ነው።

ለምን መሰለሽ፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግስት ለተማሪ የሚሰጠው እርዳታ ሴሚስተሩ ሲጀመር ይለቀቅ እንጂ ተማሪው የራሱ የሚያደርገው በቀን በቀን እየተማረ ነው። ሙሉ በሙሉ ትምህርቱን ካቆመ ዩኒቨርሲቲው ካላንደር አውጥቶ ይቆጥራል፣ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል፣ ከ5 ተከታታይ ቀን ያላነሰ እረፍት ካለ ግን እሱ ይወጣል። የወንድምሽ ሴሚስተር 110 ቀን ሆኖ መጨረሻው አካባቢ 5 ቀን እረፍት አለው እንበል፣ 105 ይቀራል ማለት ነው፣ በ42ኛው ቀን ከወጣ 40 ፐርሰንት ተምሯል። ስለዚህ ከ6,000ው የሱ የሆነው 2,400 ብቻ ነው፣ 3,600ው ይመለሳል። ከ60 ፐርሰንት ካለፈ ግን የሚመለስ ነገር የለም፣ በዚህ ምሳሌ 64ኛው ቀን ላይ ቢደርስ ኖሮ ሙሉውን እንዳገኘ ይቆጠርለት ነበር።

ታዲያ 3,600ውን የሚመልሰው ማነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገጠው። ዩኒቨርሲቲው ከጠየቀው 5,000 ውስጥ ያልተማረበትን 60 ፐርሰንት፣ ማለትም 3,000 ዶላር፣ ራሱ ከካዝናው ለመንግስት ይመልሳል፣ መውጣቱን ባወቀ በ45 ቀን ውስጥ። የሚመልሰውም በተራ ነው፣ መጀመሪያ ሎን ላይ ነው የሚሄደው፣ ከሎን ተርፎ ከሆነ ነው ወደ ፔል የሚመጣው። ስለዚህ የወንድምሽ ሎን ዜሮ ሆኗል! ሌላ 3,000 አለበት ወይ ላልሽው መልሱ ይሄ ነው፣ የለበትም። የቀረው 600 በሱ ስም ፔሉ ላይ ይወድቃል፣ ግን ህጉ ተማሪ የወሰደውን ግራንት እስከ ግማሹ ድረስ መልስ አይልም፣ የሱ ግማሽ 1,500 ነው፣ 600 ከዛ በታች ስለሆነ ለመንግስት የሚመልሰው ግራንት የለም።

እና ቢሉ ከየት መጣ? ዩኒቨርሲቲው 5,000ውን ተቀብሎ ነበር፣ 3,000ውን ለመንግስት መለሰ፣ አሁን ትዩሽኑ ስለጎደለበት ያንን ከወንድምሽ ይጠይቃል። እዳው አልተጨመረም፣ ከመንግስት ሎን ወደ ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ነው የዞረው። ግን ይሄ ዙር ለሱ የከፋ ነው፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ። የመንግስቱ ሎን ትምህርት ካቆመ በኋላ 6 ወር ይታገሰው ነበር፣ ከዛም በገቢው ልክ በትንሽ በትንሹ ይከፍል ነበር፣ እኛ ሀገር ኮስት ሼሪንግ ተመርቀሽ ስራ ስትይዢ ከደሞዝ እንደሚቆረጠው። የዩኒቨርሲቲው ግን አሁኑኑ ክፈል ነው፣ ዝም ከተባለ ሆልድ ያደርጉበታል፣ መመዝገብ አይችልም፣ ከዛ ለኮሌክሽን (ለእዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ይሰጡታል፣ ክሬዲቱ (የብድር ታሪኩ) ይበላሻል። ታሞ የወጣን ልጅ በዚህ መንገድ ማስጨነቅ ለኛ ፍትሃዊ አይመስለንም፣ ህጉ ግን ዛሬ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ምን ያርግ። አንቺ ከዚህ ብትደውዪ አያናግሩሽም፣ ፌርፓ የሚባል የተማሪን መረጃ የሚጠብቅ ህግ አላቸው፣ እሱ ራሱ መሄድ አለበት ወይ ፈርሞ ውክልና መስጠት አለበት። ፋይናንሻል ኤይድ ኦፊስ ሄዶ የተሰላበትን ወረቀት ስጡኝ ይበል፣ በስንተኛው ቀን ወጣ ብለው እንደያዙት በዓይኑ ይይ። ወረቀት ሳይሞላ በፊት በኢሜይል ታምሜያለሁ ላቆም ነው ብሎ ነግሯቸው ከነበረ ያ ቀን ነው መውጫው ሊሆን የሚችለው፣ ከዛ በኋላ ፈተና ተፈትኖ ወይ አሳይመንት አስገብቶ ከሆነ ደሞ ዩኒቨርሲቲው ያንን ቀን መያዝ ይችላል፣ ለሱ የሚጠቅመው ኋላ ያለው ቀን ነውና ማስረጃ ካለው ይዞ ይሂድ። ኦንላይን ክላስ ሎግኢን ማድረግ ብቻውን አይቆጠርም።

ቀጥሎ የትዩሽን ቅናሽ ይጠይቅ። የመንግስቱ ስሌትና የዩኒቨርሲቲው የራሱ የሪፈንድ ፖሊሲ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ቦታ በህመም ለወጣ ተማሪ አፒል የሚባል አለ፣ የሀኪም ወረቀቱን አያይዞ በጽሁፍ ያስገባ። እምቢ ካሉት በየወሩ ልክፈል ብሎ ፔይመንት ፕላን ይጠይቅ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ነገር ካለ ያኔ ስለ እቁቡ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነኝ። ልጄ ቨርጂኒያ ኮሌጅ ናት፣ ስራና ትምህርት አልሆንልሽ ብሏታል። ከዚህ በኋላ ክላስ አልሄድም፣ በቃ ዝም ብዬ እቀራለሁ ትላለች። ግራንትም ሎንም ወስዳለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ አባታችን፣ ዝም ብለሽ አትቅሪ ይበሏት፣ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው። ሳትናገር ከጠፋች ሁሉም ኮርስ ኤፍ ይሆናል፣ ዩኒቨርሲቲው ደሞ የሴሚስተሩን ግማሽ፣ 50 ፐርሰንቱን፣ የወጣችበት ቀን አድርጎ ሊወስድ ይችላል፣ እሷ ከዛ በላይ ተምራ ቢሆን እንኳ። ኤፉ ራሱ መዘዝ አለው፣ ወደፊት ተመልሳ ልማር ብትል ውጤቷ ዝቅተኛውን መስፈርት ስለማያሟላ የመንግስት እርዳታ ሊከለክሏት ይችላሉ።

ካልተቻላት አንድ ሁለት ኮርስ ድሮፕ አርጋ ቀሪውን ብትይዝስ? እኛ ይሄን ነው የምንመርጠው፣ የተማረችባቸውን ቀናት ቆጥሮ ገንዘብ የሚያስመልሰው ህግ የሚመጣው ሁሉንም ስታቆም ነው። ከግማሽ ጭነት በታች ከወረደች ግን የሎኑ የ6 ወር የመታገሻ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል፣ ያን ትወቅ። ለአጭር ጊዜ እረፍት ከሆነ የምትፈልገው ሊቭ ኦፍ አብሰንስ አለ፣ ቀድማ በጽሁፍ ጠይቃ ከተፈቀደላት በ12 ወር ውስጥ እስከ 180 ቀን ድረስ እንደ ዊዝድሮው አይቆጠርባትም፣ ሁሉም ኮሌጅ ግን አይሰጥም።

የግድ መውጣት ካለባት ደሞ ፎርሙን ከመፈረሟ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ሄዳ አንዲት ጥያቄ ትጠይቅ፣ 60 ፐርሰንቱ የሚያልፈው በየትኛው ቀን ነው ትበል። ቀኑ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ከሆነ በስራ ቦታ ሺፍት ለምና ተቀያይራም ቢሆን እስከዛ ክላስ ትግባ፣ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ሺህ ሊተርፋት ይችላል። ግራንት መልሺ የሚል ደብዳቤ ከመጣባት ደሞ 45 ቀን አላት፣ በዛ ውስጥ ወይ መክፈል ወይ ከትምህርት ቤቱ ወይ ከመንግስት ጋር የአከፋፈል ስምምነት መፈረም ነው፣ አለበለዚያ ሌላ የፌዴራል እርዳታ አታገኝም። የሚመለሰው ግራንት 50 ዶላር ወይ ከዛ በታች ከሆነ ግን መክፈል አይጠበቅባትም። አድራሻ ቀይራ ከሆነም ዛሬውኑ ለሬጅስትራር ታሳውቅ፣ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ሄዶ ቢቀመጥም ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም።