ጠመኔና መጋዝ፦ ስለ ድሮው መምህራን ማሠልጠኛ ጥያቄና መልስ

ጋሽ ጠመኔ፦ ማሠልጠኛ ገብቼ መምህር የሆንኩ ጡረተኛ ነኝ። የገባሁበትን ቤት ስም አትጠይቁኝ፤ ሌላውን ጠይቁ። ዓመት ስትጽፉ ግን አቆጣጠሩን ንገሩኝ።

ወለላ፦ የመምህራን ሥልጠና መቼ ተጀመረ?

ጋሽ ጠመኔ፦ በ1936 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት። ሐረርና ደብረ ብርሃን ከዚያ በኋላ ናቸው።

ሐረርጌ፦ እኔ ያነበብኩት ግን 1944 ይላል።

ጋሽ ጠመኔ፦ በፈረንጅ ነዋ! አሁን ምን አልኩ?

ወለላ፦ እጅ ሥራ ክፍል ምን ትሠሩ ነበር?

ጋሽ ጠመኔ፦ ይህን ጠይቁኝ። ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ብዕር ሊይዝ ነው የመጣው፤ መጋዝና መሮ ይሰጡታል። አንድ የባላባት ልጅ መሮውን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ «ባለእጅ ልታደርጉኝ ነው?» አለ። አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ ካስነገሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር፤ ስድቡ ግን ቤቱን አልለቀቀም። መምህራችን አልተቆጡም። «የምትሄድበት አገር ሰሌዳ የለም፤ በምን ላይ ልትጽፍ ነው?» አሉት። የሞተ ባትሪ ሰብረን፣ ጥቁሩን ድንጋይ ወቅጠን፣ ከለምለም ቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን ጣውላ ቀባን። ሲደርቅ ደገምነው። እጄ ሳምንት ሙሉ ጥቁር ነበር፣ እንጀራ ስቆርስ አፍር ነበር።

እጅ ሥራና አማርኛ ሁለት ክፍል ይመስሏችኋል። አይደሉም። «ነገ በግ የሚለውን ቃል ታስተምራለህ» ከተባልክ፣ ማታ ካርቶን ቆርጠህ፣ በጉን ሥለህ፣ «በ»ን እና «ግ»ን ለየብቻ ጽፈህ ታድራለህ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል። አንዷን ነጥለህ ብታሳየው ግን ከላይ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። አቡጊዳ ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀው ለዚህ ነው፤ ካርቶናችንም ሥራው ያው ነበር።

ዳዊት ደጋሚ፦ «ሥለህ»ን በንጉሡ ሠ መጻፍዎ ደስ አለኝ። የዛሬ ልጅ «ሰአሊ» ይላል።

ወለላ፦ ድምፁ አንድ ነው፣ ምን ለውጥ አለው?

ዳዊት ደጋሚ፦ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ለመነ ነው!

ወለላ፦ በግእዝ። በአማርኛ «ሰአለ» ብሎ የለመነ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ሐረርጌ፦ እኔ የምለው ትርፍ ፊደል ይቀነስ...

ጋሽ ጠመኔ፦ በቃ! ለዚህ ክርክር ዕድሜ አልቀረኝም።

ገብረ ጉንዳን፦ የቋንቋ ትምህርቱ እንዴት ነበር?

ጋሽ ጠመኔ፦ የትኛው ቋንቋ? መቼ? «እንዴት ነበር» ጥያቄ አይደለም፣ ልጄ።

ገብረ ጉንዳን፦ እሺ፣ ለእጩ መምህሩ አማርኛ ይከብደው ነበር ወይስ እንግሊዝኛ?

ጋሽ ጠመኔ፦ አሁን ጠየቅህ። በ1956፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን ተባለ። ከዚያ በፊት ልጁ ገና ታች ክፍል ሳለ ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር። ስለዚህ ሒሳብን በእንግሊዝኛ የተማረው ሰው በአማርኛ ሊያስተምር ሆነ። የክፍልፋዩን የላይ ቁጥር «ኑመሬተር» ብሎ ያውቃል፤ የላዩንና የታቹን «ላዕልና ታህት» ስትለው ቅዳሴ የገባ ይመስለዋል።

ሐረርጌ፦ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሐረሪ የሚናገረው ልጅስ?

ጋሽ ጠመኔ፦ እሱማ ከሰው ቋንቋ ወደ ሰው ቋንቋ ነው የዞረው። እኛም አማርኛን ለማያውቅ ልጅ እንዴት እንደሚጀመር አላስተማሩንም፤ ሁሉም አፉን በአማርኛ የፈታ ይመስል በጉን አሳይተን «በግ» በሉ አልን።

ሸዋዬ፦ ባልትና ለሴቶች ብቻ ነበር?

ጋሽ ጠመኔ፦ እኔ ጓዳ አልገባሁም። የተማሩት ይመልሱ።

እናት ጓዳ፦ ቁሌቱንማ ከእናቴ ጓዳ ጨርሼ ነው የሄድኩት። እዚያ ያስተማሩኝ የሳምንት ወጪ በደብተር መያዝ ነው። ባሌ እስከ ዛሬ አልወደደውም።

አዲስ ገብ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመምህራን ሥልጠና መቼ ነው የተጀመረው? ባሕር ዳርስ?

ጋሽ ጠመኔ፦ የመጀመሪያውን ከላይ አንብብ። የባሕር ዳሩ ፔዳጎጂ አካዳሚ የ1960ዎቹ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር! ዛሬ ጉዳዬ አይደለም።

ወለላ፦ ጋሽ ጠመኔ፣ ያ የቀባችሁት ሰሌዳ ይበረክት ነበር?

ጋሽ ጠመኔ፦ የእኔን ቸኩዬ ሳይደርቅ ነው የደገምኩት። ተመድቤ በሄድኩበት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ከጣሪያው በገባ ውኃ ታጥቦ ግድግዳውን አጠቆረው። ልጆቹ ሳቁ። ለባላባቱ ልጅ ደብዳቤ ጽፌ አንድ ሰሌዳ ላከልኝ፤ እስክቀየር ድረስ በእሱ አስተማርኩ።