ቧንቧው የሚሰምጥበት ቀን

ገና ሳይት መውጣት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ወደ ደሴት የሚሻገር የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ ሥራ ስትመሩ ከባዱ ቀን የማስመጫው ቀን ነው። ለዚህ የሚውለው የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ቧንቧ ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ተሞልቶም ይንሳፈፋል። ስለዚህ የኮንክሪት ክብደት ይታሰርበታል። አየር እንደያዘ በጀልባ ተጎትቶ ቦታው ይደርሳል። ከዚያ በአንዱ ጫፍ ውሃ ይገባል፤ በሌላው ጫፍ አየሩ በቫልቭ ቀስ እያለ ይወጣል። አየሩ ከተጣደፈ ቧንቧው ከሚችለው በላይ ይታጠፋል። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ 1 ባር ያህል ስለሚጨምር፣ ቫልቭ የያዘው ሰው ዓይኑን ከመለኪያው አይነቅልም። ሻይ እንኳ አላስጠጣውም ነበር።

አንድ ጠዋት ትንበያው ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ ይላል። መጠባበቂያው ኮምፕረሰር አልነሳ ብሏል። እሱ ከሌለ አየር መልሶ ነፍቶ ቧንቧውን ማንሳት የለም። የጀልባዎቹ ኪራይ ግን በሰዓት ይቆጥራል፤ ጠላቂዎቹ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ዳር ቆመው ያዩናል። «ለዛሬ ይቅር» ማለት የኔ ሥራ ነበር። አፌ ተሳሰረ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ነፋሱ መጣ፣ ቧንቧው ታጠፈ። ያንን ቆርጦ መጠገን ሳምንታት በላብን።

ከዚያ ወዲህ ቀደም ብዬ አንድ ገጽ እጽፋለሁ፦ ነፋሱ ስንት ሲደርስ፣ የትኛው መሣሪያ ሲጎድል እንደምናቆም። ኮንትራክተሩም አሠሪውም ይፈርሙበታል። በዕለቱ የሚጨቀጭቀኝ ሲመጣ ወረቀቱን አወጣለሁ። ያኔ እንቢ የሚለው እኔ ሳልሆን ፊርማቸው ነው።

የፍሳሹን መስመር እንደ ንጹሕ ውሃው መስመር አትቁጠሩት። ፍሳሽ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ጉብታ ላይ ተጠራቅሞ ቧንቧውን ሊያነሳው ይችላል። ለንጹሕ ውሃው የበቃ ክብደት ለፍሳሹ ላይበቃ ይችላል። ጠለቅ ብሎ የባሕሩን ወለል መለካት ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ከቱርክ ወደ ሰሜን ቆጵሮስ የሚሄደውን መስመር ተመልከቱ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ያቋርጣል፤ አብዛኛው 250 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ አደረሰ፤ በ2020 መጀመሪያ ተቋረጠ፤ ጥገናው ወራት ፈጀ። እኛ ግን የጥገናውን ዕቅድ ከምረቃው በኋላ ማሰብ እንወዳለን።

ዓሣ አጥማጆቹንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። መልህቅ የሚጥሉበትን ቦታ ከማንም ካርታ በላይ እነሱ ያውቁታል።