የአሜሪካዋ ጆርጂያ በባርነትና በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፦ ጥያቄና መልስ

ሳቫና ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አትላንታና ክላርክስተን ያላችሁ ልጆች በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ማታ የቻልሁትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሐውልት ወይም የመንገድ ዳር ሰሌዳ ስታዩ ማን መቼ እንዳቆመው ሳታጣሩ አትመኑት። ደግሞ እባካችሁ «ባሪያ» አትበሉ፤ በባርነት የተያዘ ሰው በሉ። ቃሉ በእኛ አፍ ዛሬም ሰው ይሰደብበታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጆርጂያ ስትመሠረት ባርነት ክልክል ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጄምስ ኦግልቶርፕ በ1733 ሳቫናን ቆረቆረ፤ በ1735 ባርነትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ፍሎሪዳን የያዘችው ስፔን ከካሮላይና ለሚያመልጡ ሰዎች ነጻነት ትሰጥ ስለነበር፣ እንግሊዞች በመካከሉ መሣሪያ አንግቶ በገዛ እጁ የሚያርስ ሰው ማስፈር ፈለጉ። በ1739 ዴርየን የሰፈሩ ስኮትላንዳውያን ሕጉ እንዳይነሣ ፈርመው አቤት ብለዋል። ሌሎቹ ግን ከወንዝ ማዶ የካሮላይናን ሀብት እያዩ ወተወቱ፤ ከ1751 ጀምሮ ተፈቀደ። በ1860 ቆጠራ ከ1,057,286 ሕዝብ 462,198ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሥራቸው ያው ጥጥ ለቀማ ነው አይደል?

መልስ፦ ጥጡ የገነነው ኋላ ነው፤ ኢላይ ዊትኒ ፍሬውን የሚፈለቅቀውን ማሽን ከሠራበት ከ1793 ወዲህ። የባሕር ዳርቻው የቆመው በሩዝ ነው፤ ይህን ሰው ስለማይነግራችሁ ልዘርዝረው። ባሕሩ ሲሞላ የወንዙን ጨው አልባ ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያን ጊዜ በግድቡ ውስጥ ያለው የእንጨት በር ይከፈትና ማሳው ይጥለቀለቃል። ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ውሃው ይለቀቃል። ረግረጉን መንጥሮ ያን ሁሉ ግድብ በአካፋ የሠራው ማን ነው? ከሴኔጋምቢያና ከሴራሊዮን አካባቢ የተወሰዱ፣ በአገራቸው ሩዝ ሲዘሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን እውቀታቸውም ነው የተዘረፈው። ሩዙን በሙቀጫና በዘነዘና ይሸከሽኩት፣ በሣር በተሰፋ ሰፌድ ያበጥሩት ነበር። ያ ስፌት ዛሬም በዚህ ዳርቻ ይሸጣል፤ ያየው ሐበሻ ሁሉ የእናቱን ሞሰብ ያስታውሳል። ልጆቻቸው ጊቺ ይባላሉ፤ ሳፔሎ ደሴት ላይ ሆግ ሃሞክ በምትባል መንደር ዛሬም አሉ።

አንድ አባል፦ ጋሼ ስለ ቃሉ ያሉት ልክ ነው። ግን እኛስ? በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ስለ ራሳችን ለምን ዝም እንላለን?

ሌላ አባል፦ የእኛን ከነሱ ጋር አታመሳስል። እኛ ጋ እንደ ቤተሰብ ነበር የሚያዙት።

የመጀመሪያው አባል፦ «እንደ ቤተሰብ» የሚለውን የጆርጂያ ጌቶችም ይሉት ነበር!

መልስ፦ የአገራችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ጉባኤ ያስፈልገዋል፤ እዚህ አትጨርሱትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ቤተሰብ አይሸጥም። በማርች 1859 ፒርስ በትለር የሚባል ባለ ርስት ዕዳውን ለመክፈል 436 ሰዎችን ሳቫና አጠገብ ባለ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ለጨረታ አቀረበ። ጨረታው በቆየበት ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ነበር። ያን ጊዜ ሕዝቡ «የልቅሶ ጊዜ» ብሎ ነው የሚያስታውሰው።

ጥያቄ፦ ጦርነቱ የተነሣው በባርነት ነው ወይስ በስቴቶች መብት?

መልስ፦ በባርነት። ጆርጂያ በጃንዋሪ 19 ቀን 1861 ሚሌጅቪል ላይ ስትገነጠል ምክንያቷን ራሷ ጽፋለች፤ አንብቡት። የኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለት የተገነጠሉት የደቡብ ስቴቶች መንግሥት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጂያዊው አሌክሳንደር ስቲቨንስም በዚያው ዓመት በማርች 21 እዚሁ ሳቫና ቆሞ፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው ነው ብሏል።

ጥያቄ፦ ስለ ጦርነቱ በአጠቃላይ ቢነግሩን።

መልስ፦ የቱን ጦርነት፣ የቱን ዓመት? ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንደርሰንቪል ስለሚባለው እስር ቤት?

መልስ፦ በ1864 ተከፈተ። ወደ 45,000 የሰሜን እስረኛ ገባበት፤ ወደ 13,000 ሞተበት። አዛዡ በ1865 ተሰቀለ። ስለ እስር ቤቶች ከእኔ የተሻሉ አዋቂዎች አሉ።

አንድ አባል፦ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ግን ጀግና ነው። አትላንታን ባይዝ ሊንከን ድጋሚ ባልተመረጠ ነበር።

ሌላ አባል፦ የደሃ ጎተራ ያቃጠለ ጀግና አለ?

የመጀመሪያው አባል፦ ጎተራው የማን ጦር መቀለቢያ ነበር?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ጄኔራሉ ነው የምታወሩት። ከኋላው ስለተከተሉት ሰዎች አውሩ። ከአትላንታ ወደ ባሕሩ በኖቬምበር 1864 ሲነሣ ከ60,000 በላይ ወታደር ነበረው፤ በየመንገዱ በሺህ የሚቆጠሩ ነጻነት ፈላጊዎች ልጅ አዝለው ተከተሉት። በዲሴምበር ኢቤኔዘር ከሚባል ወንዝ ሲደርሱ፣ ከሸርማን የበታች አዛዦች አንዱ የሆነው ጄኔራል ጄፈርሰን ሲ. ዴቪስ ወታደሮቹን አሻግሮ ድልድዩን አስነሣው። ከኋላ የደቡብ ፈረሰኛ እየደረሰባቸው ነበር። ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ዘለሉ፤ ብዙዎች ሰጠሙ። ስማቸውን የመዘገበ የለም። እዚያ ዳር ስቆም ሁልጊዜ ሆዴ ይላወሳል።

ጥያቄ፦ ነጻ ለወጡት ቃል ተገባላቸው የሚባለው «አርባ ኤከርና አንድ በቅሎ»ስ?

መልስ፦ ይህን ነው የምጠብቀው። ያ ግፍ ዋሽንግተን ከተሰማ በኋላ የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን ሳቫና መጣ። በጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ከሸርማን ጋር ሆኖ ሃያ ጥቁር የሃይማኖት አገልጋዮችን ጠርቶ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ቃል አቀባያቸው ጋሪሰን ፍሬዘር የ67 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ የራሳቸውንና የሚስታቸውን ነጻነት በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር የገዙ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ መሬት ስጡን፣ በገዛ ጉልበታችን እናርሰዋለን። በአራተኛው ቀን ሸርማን ትእዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉት ደሴቶችና ባለቤቶቹ ጥለዋቸው የሄዱ የሩዝ ማሳዎች ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር እንዲታደሉ አለ። በቅሎ የሚል ቃል ትእዛዙ ውስጥ የለም። ከሃያዎቹ አንዱ ዩሊሲስ ሂውስተን ሰው አስከትለው ስኪዳዌይ ደሴት ሰፈሩ። በጠቅላላው ወደ 40,000 ሰው መሬት ያዘ።

አንድ አባል፦ መሬት ላራሹ ማለት ነው!

መልስ፦ አዎ፣ ከእኛ ተማሪዎች መቶ ዓመት ቀድሞ። ግን ዓመት አልሞላውም። ሊንከን ተገደለ፤ ተተኪው አንድሪው ጆንሰን ለባለ ርስቶቹ ምሕረት ሰጥቶ መሬቱን መለሰላቸው። የዘራው ሰው ወይ ለቀድሞ ጌታው በኮንትራት እንዲሠራ፣ ወይ እንዲለቅ ተነገረው። በዚህ አገር በጥቁርና በነጭ መካከል ስላለው የሀብት ልዩነት ስትከራከሩ ከዚህ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፤ ጦርነቱ በባርነት ነው ወይስ በታክስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ስቶን ማውንቴን ነው። አለቱ ላይ የተቀረጹት ሦስቱ የደቡብ መሪዎች እዚያ ተዋግተዋል?

መልስ፦ የለም፤ አንዳቸውም ጆርጂያዊ አይደሉም። ቅርጹ ያለቀው በ1972 ነው፣ ጦርነቱ ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። ማን መቼ እንዳቆመው እዩ ያልሁት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ሳቫና ልመጣ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ማዲሰን አደባባይ ካለው ከግሪን-ሜልድሪም ቤት፣ እህቴ። ፍሬዘር የተናገሩት እዚያ ነው፤ ጥያቄውም መልሱም ተመዝግቦ ስላለ አስቀድመሽ ለልጆቹ አንብቢላቸው። ከሰዓት ወደ ኢቤኔዘር እኔ እወስዳችኋለሁ። ረግረግ ነውና ቦቲ ጫማ ያዢላቸው።